ከአንድ እስከ ዐሥር

ሽቦ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት የምትጠራበት ሌላ ስም አላት፤ ግን ቀጭን ስለሆነችና ከእጇም ሽቦ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይላታል። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው። ቤታቸውን ከጎረቤት የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው።

አባቷ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ማታ ማታ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጣሪያው ላይ አንቴና ተክሏል፤ ጠረጴዛው ላይ በገዛ እጁ የገጣጠመው ሬዲዮ አለ። አማተር ሬዲዮ ይሉታል። ፈቃድ አውጥቶ፣ ማይክሮፎን ይዞ፣ በየአገሩ እንደ እሱ ሬዲዮ ካላቸው ሰዎች ጋር ይጨዋወታል። አንድ ሕግ ግን አለው። ጎረቤት ከተረበሸ ሬዲዮው ዝም ይላል።

ከግድግዳው ማዶ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ይኖራሉ። ሽቦ እማማ ትላቸዋለች። ዓይናቸው ስለደከመ ማንበብ ትተው፣ መጽሐፍ የተነበበበት ካሴት በቴፕ ያዳምጣሉ። ታሪኩ ሲጥማቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ሽቦም ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ አብራቸው ትሰማለች። ይህ ስርቆት አይደለም፤ እማማም ያውቃሉ፣ ከፍ የሚያደርጉትም ለእሷ ብለው ነው።

አንድ ማክሰኞ እማማ በሩን አንኳኩ። "አባትሽ የእኔ ቴፕ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?" አሉ እየሳቁ። ታሪኩ ልብ የሚያንጠለጥል ቦታ ላይ ሲደርስ፣ የአባቷ ድምፅ ጥልቅ ብሎ ስለ ዝናብና ስለ ደመና ያወራል አሉ።

አባቷ አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ። ሐሙስ ለመፈተሽ ተስማሙ። እሱ ቤቱ ሆኖ በሬዲዮው ከአንድ እስከ ዐሥር ይቆጥራል፤ ሽቦ እማማ ቤት ቴፑ አጠገብ ቆማ የሰማችውን በስልክ ትነግረዋለች። ድምፁ ቴፑ ውስጥ ከገባ፣ መላ እስኪገኝ ድረስ ሬዲዮው ይዘጋል።

ሽቦ ይህን ስትሰማ ክው አለች። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ በአባቷ ሬዲዮ የመነጋገር ተራው የእሷ ነበር። በአንድ ሩቅ ደሴት ከምትኖር የመርከበኛ ልጅ ጋር ልትነጋገር ቀጠሮ ይዛ፣ ወር ሙሉ ቀን ስትቆጥር ነው የከረመችው።

ሐሙስ ደረሰ። እማማ ቴፑን ከፍተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ድምፅ ማጉያው ትንሽ ተንሿሿና የአባቷ ድምፅ ጉንፋን እንደያዘው ሰው እየተነፋነፈ መጣ። አንድ። ሁለት። ሦስት። እንዲህ እያለ እስከ ዐሥር። ከዚያ ስልኩ ጠራ።

"ስንት ቁጥር ሰማሽ?" አለ አባቷ።

"ምንም አልሰማሁም፣ አባዬ።"

አባቷ "ተመስገን፣ እንግዲያው ከእኛ አይደለም" ብሎ ዘጋው። እማማ ግን ቀና ብለው አዩዋት።

"አሁን የቆጠረው አባትሽ አይደለም እንዴ?"

"ማንም አልቆጠረም፣ እማማ።"

አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "መቼም የልጅ ጆሮ ከእኔ ጆሮ ይሻላል" አሉ ቀስ ብለው። "እንግዲህ እርጅና ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ፤ ያሳፍራል።" ቴፑንም አጠፉት።

ቅዳሜ ሽቦ ከመርከበኛው ልጅ ጋር ስድስት ደቂቃ አወራች። ልጅቷ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማኛል አለቻት። ሽቦን ግን ደስታው አልጣማትም። ከግድግዳው ማዶ ምንም አይሰማም ነበር። በማግስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ሐሰት ምስክር የሚናገረውን ትእዛዝ አንድም ቃል ሳትስት በቃሏ ተወጣች፤ መምህሯም አመሰገነቻት። ሽቦ የሐሰት ምስክር ማለት ፍርድ ቤት ቆሞ የሚዋሽ ጢማም ሰውዬ ይመስላት ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ቴፑ አልተከፈተም። ከዚያ የእማማ ሴት ልጅ ካርቶን ይዛ መጣች። ሽቦ ዕቃ ልታግዝ ገብታ ምን ሊሆን እንደሆነ ጠየቀቻት።

"እናቴን ይዣት ልሄድ ነው" አለች። "የሌለ ድምፅ መስማት ጀምራለች። እንዲህ ሆና ብቻዋን እንዴት ትቀመጣለች? ቤቱንም ለሌላ ሰው ሰጥተነዋል።"

ሽቦ የያዘችውን ካርቶን መሬት አስቀመጠች። ጢማሙ ሰውዬ ትዝ አላት። ለካ እሷው ነበረች፣ ያለ ጢም።

ሮጣ አባቷ ዘንድ ሄዳ እያለቀሰች ሁሉንም ነገረችው። "እኔን ብቻ ብትዋሺኝ ይቅር ብዬሽ ነገሩ ያልቅ ነበር" አላት አባቷ። "እሳቸው ግን በአንቺ ቃል የገዛ ጆሯቸውን ማመን ተዉ። ሂጂና ለእሳቸው ንገሪ። እኔ እቆጥራለሁ።"

ልጆች፣ ያን ያህል አጭር መንገድ ያን ያህል ረዝሞባት አያውቅም። ደርሳም ያን ቀን መዋሸቷን ለእማማ ነገረቻቸው። እማማ ቴፑን ከካርቶን አስወጥተው አስከፈቱ። የሽቦንም እጅ ያዙ። ያ የተነፋነፈ ድምፅ መቁጠር ጀመረ፤ ከአንድ እስከ ዐሥር።

"ሰማሽ?" አሉ እማማ።

"ዐሥሩንም ሰማሁ። ያን ቀንም ዐሥሩንም ሰምቼ ነበር።"

እማማ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "እንግዲያው ደህና ነኝ" አሉ። ሴት ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

አባቷ የሬዲዮ ድምፅ በገመድ እንዳይሾልክ የሚያግድ፣ ከብረት ዱቄት የተጋገረ ጥቁር ቀለበት ይዞ መጣ። የቴፑን ድምፅ ማጉያ ገመድ ቀለበቱ ላይ ሰባት ጊዜ ጠመጠመው። ቤቱ ተመልሶ እንደገና ሲቆጥር ቴፑ ጭጭ አለ። መላው ይኸው ነበር፤ የሩብ ሰዓት ሥራ። ሽቦን እስከ ዛሬ የሚቆጫት ይህ ነው።

እማማ ይቅር አሏት፤ ግንባሯንም ሳሟት። ቤቱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቷልና በማግስቱ መኪና መጥቶ ይዟቸው ሄደ። ሽቦ አሁንም አንዳንዴ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። አዲሶቹ ጎረቤቶች ካሴት አያዳምጡም።

ልጆቼ፣ ይቅርታ ኃጢአትን ያነሣል እንጂ የሄደ ጎረቤት አይመልስምና፣ የሰማችሁትን ሁሉ ምንም ቢያስከፍላችሁ ሰምቻለሁ በሉ።