ጋሽ ታፈረ ያላነበቡት ገጽ

ጋሽ ታፈረ በቀበሌው አዳራሽ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ገዳዩ በአንድ ምት አልበቃውም፤ ከወደቁም በኋላ ደጋግሞ ቀጥቅጧቸዋል። ደሙ እስከ ግድግዳው ተፈናጥሮ፣ በማግስቱም ለሕዝብ ሊያነቡት ያስቀመጡትን ጋዜጣ አርሶታል። አጠገባቸው ሽበት የተጣበቀበት ዘነዘና ተጋድሟል።

ጊዜው የ1972 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ቀኑ እሑድ ነበር። ሃምሳ አለቃ ውባንተ ከላሊበላ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቶ ሲደርስ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጋሻዬ በሩ ላይ ጠበቀው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ ምርመራው አልቋል» አለ። «ዘነዘናው የአልጣሽ ነው። ቤቷ ከዚህ አጥር ወዲያ ነው። ትናንት ሕዝብ በሞላበት ‹ውሸታም ሽማግሌ፣ ምላስዎን ይቁረጠው› ብላቸዋለች።»

«አምናለች?»

«ገና ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወልድያው መኪና ይነሳል። እስከዚያ ካላመነች፣ የወልድያዎቹ ይጨርሱታል።»

ውባንተ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ያውቃል። በዚያ መኪና ታስሮ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየም። ተንበርክኮ ጋዜጣውን ከደሙ ላይ በጣቶቹ ጫፍ አነሳ።

«ይኼ ጋዜጣ ስምንት ገጽ ነበር። የውስጠኛው ቅጠል የት ሄደ?»

«ደም ነክቶት ጥለውት ይሆናላ።»

«በደም የራሰው ውጪኛው ነው። እሱን ማን ጣለው?»

ጋዜጣው ዓርብ ማታ በጭነት መኪና ይመጣል። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ለፖሊስ ጣቢያው፣ አንዱ ለቀበሌው። ጋሽ ታፈረ የቀበሌውን ቅጂ መጀመሪያ ብቻቸውን ይጨርሱታል። ከዚያ የውጪውን ቅጠል ቅዳሜ ከገበያ በኋላ፣ የውስጡን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ያነባሉ።

«ከንባቡ የሚቀር ሰው አለ?»

«በስም እየጠራን አንቆጣጠርም እንጂ፣ መቅረቱ የታወቀ ሰው ይታሰራል» አለ ጋሻዬ።

«ትናንት ምን ተነበበ?»

ጋሻዬ አንገቱን አከከ። «እውነቱን ልንገርዎ? እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

አልጣሽ እጇን ታስራ የቀበሌው እህል ማከማቻ ውስጥ ነበረች። ውስጥ እግሯን ሲገርፏት አርፍደው ቆዳው ተገሽልጧል። ውባንተ ውኃ አስመጣላት።

«እትዬ አልጣሽ፣ ጋሽ ታፈረ ትናንት ምን አነበቡ?»

«ሙጃ አገር ዝናቡ በጊዜው ቆመ፣ ገብሱም አማረ አሉ። ኩልመስክ መንደር አንዲት በግ ሦስት ወለደች አሉ። ከዚያ እንደ ልማዳቸው የራሳቸውን ጨመሩበት። ‹በግ ጡቷ ሁለት ነው፤ ሦስተኛው ግልገል ምን ያድርግ? ተራውን ይጠብቃል። እኛም እንደዚያው ነን› አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።»

«ምነው?»

«ልጄ የሻው ሚሊሺያ ሆኖ ከሄደ ሦስት ዓመት ሞላው። አንድ ቀን እንኳ ስለ ጦሩ ያለውን ያንብቡልኝ አልኳቸው። ስለ በግ ይነግሩኛል።» ውኃውን ሳትጨርስ አስቀመጠችው። «ተሳድቤያለሁ። አልገደልሁም።»

ውባንተ ወጥቶ በደም የራሰውን ቅጠል ፀሐይ ላይ ዘረጋው። ሙጃ የሚል ቃል የለበትም፤ ኩልመስክም የለም። ገደል ስለ ገባ አውቶቡስ፣ ስለ ስኳር ራሽን፣ ስለ ጦር ግንባር ነው የሚያወራው።

በመጨረሻ ዘነዘናው ከሚቀመጥበት ግቢ፣ የአልጣሽን ጓሮ ክፍል የተከራየውን ደባሱን አስጠራ። ደባሱ ወፍጮ ቤት ከተቀጠረ ሦስት ወሩ ነው። ለዱቄቱ ብናኝ ብሎ ራሱንና ጆሮውን በሻሽ ጠቅልሏል።

«ትናንት ንባቡ ላይ ነበርክ?»

ደባሱ ጋሻዬን በዓይኑ ጠርዝ አየው። «ምን ሆኜ እቀራለሁ፣ ጌታዬ! ከኋላ፣ በሩ ጋ ነበርሁ።»

«ምን ሰማህ?»

«ያንን አሥራ አንድ ሰው የጨረሰውን አውቶቡስ ነዋ! ስኳሩም ሩብ ኪሎ ተቀነሰ ተባለ። ሌላውን ይኼ የመሃይም ጭንቅላቴ አልያዘውም።»

«እውነቱን ነው» ብሎ ጋሻዬ ሳቀ። «መሠረተ ትምህርት ላይ ከአሮጊቶች ጋር ሀሁን ሲያዜም ቢያዩት!»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውባንተ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበ። አስከሬኑ ወጥቷል፤ የወለሉ ደም ግን አልታጠበም። አልጣሽን ደግፈው አስቀመጧት። ሰፈርተኛው በሩን ሞላው።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መጀመሪያ የጠረጠርሁት እርስዎን ነበር» ብሎ ጀመረ። «ማንበብ ይችላሉ፤ ቁልፉም የእርስዎ ነው። ግን ጋዜጣ ሰርቆ የገደለ ሰው፣ ምን ተነበበ ሲሉት ተኝቼ ነበር ብሎ ራሱን አያዋርድም። እትዬ አልጣሽ ደግሞ ማንበብ አይችሉም። የትኛው ቅጠል መውጣት እንዳለበት በምን ያውቃሉ?»

ከዚያ ወደ ሰፈርተኛው ዞረ።

«ጋሽ ታፈረ የታተመውን አያነቡም ነበር። ክፉውን ዘልለው፣ ከራሳቸው አውጥተው ነበር የሚያወሩት። ትናንት ማንም ስለ አውቶቡስ አልሰማም። አንድ ሰው ብቻ የሟቾቹን ቁጥር ሳይቀር ነገረኝ። የእኔ ቅጂ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ስለዚህ የጋሽ ታፈረን ቅጂ በዓይኑ አንብቧል ማለት ነው። ደባሱ፣ አንተ ማንበብ ትችላለህ። ንባቡ ላይም አልነበርክም።»

«ሐሰት ነው!»

«ወፍጮ ቤቱን ጠይቄያለሁ፤ ጋሽ ታፈረ ቅዳሜ ጧት ገብስ ሊያስፈጩ መጡ። ጋዜጣውን ስልቻው ላይ ጥለው ወጡ። አንተም ገለጥኸው፤ ማታ ዘነዘናውን ይዘህ አዳራሹ ድረስ ተከተልሃቸው።» ውባንተ ከጣቢያው ያስመጣውን ቅጂ ዘርግቶ ከውስጠኛው ቅጠል የተፈላጊ ማስታወቂያ አነበበ፦ «‹ሁለት የሥራ ባልደረቦቹን በመጥረቢያ ገድሎ የተሰወረ። የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ።› ሻሽህን አውልቅ።»

ደባሱ ወደ መስኮቱ ዘለለ። አንዱ ጥበቃ በጠመንጃ ሰደፍ አፉ ላይ መታው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሻሹ ወለቀ። ጆሮው ቆራጣ ነበር።

«ዛሬ ሊያነበው ነበር!» አለ ደም እየተፋ። «በሕዝብ ፊት ሊያጋልጠኝ ነበር! ገጹን ብወስድ ምን ዋጋ አለው? እሱ አንብቦታል!»

አልጣሽ ቀና አለች። «ያንን ገጽ ቢገድሏቸውም አያነቡትም ነበር፣ አንተ የማታውቅ! እዚህ ያለነው ሁላችን እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን ይሰሟቸው ነበር?» አለ ውባንተ ቀስ ብሎ።

«ክፉውንማ ከየቤታችን ይዘነው እንመጣለን፣ ልጄ። ስለ በግ ሌላ ማን ያወራልናል?»

ከውጭ የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ። ደባሱን እየጎተቱ አወጡት። የአልጣሽ እጅ ተፈታ፤ ልትነሳ ሞክራ እግሯ አልያዛትም። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የለቅሶ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ጋሻዬ» አለች። «ያስገረፍኸኝ አንተ ነህ። ና፣ ተሸከመኝ። ቀብሩ እንዳያልፈኝ።»

ጋሻዬ ወደ ሃምሳ አለቃው ተመለከተ። ውባንተ ጋዜጣውን እያጠፈ ነበር፤ ቀና አላለም። ሰፈርተኛው መንገድ ለቀቀ። ሊቀ መንበሩ ቆቡን አወለቀና፣ ደሙ ባልታጠበው ወለል ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ቁጢጥ አለ።