የዓይን ጠብታው

ሽማግሌው አናጢ ሲሞት ሁለት ዓይኖቹ በቢጫ አይናር ተጣብቀው ነበር። ትራሱ ላይ የደረቀውን አክታማ ተዉት፣ ምግብ ያስጠላል። ኩላሊት ከተቀየረለት ወዲህ ትንሹም በሽታ ይጥለዋል ስለተባለ፣ ልጁ በር ላይ ቆማ የገባውን ሁሉ እጁን በአልኮል ታስጠርግ ነበር። ታዲያ በየት ገባበት?

«ይቺ አስታማሚዋ ናት!» አለች ልጅቱ፣ ኩል የተኳለ ዓይኗን እያሻሸች። «ስትስልበት ከርማ ገደለችው። አሳስራታለሁ!»

አስታማሚዋ ጥግ ላይ ኩርምት አለች።

ከጤና ቢሮ የመጣችው መርማሪ አጭር ናት፣ ወሬ አታበዛም። መሥሪያ ቤቷ «አነፍናፊት» ይላታል። ላብራቶሪው ከሟቹ ሳንባ አዴኖቫይረስ የሚባል ተዋሲ አግኝቷል። አነፍናፊት ጓንቷን አጥልቃ ትራሱን ገለጠች፣ ፎጣውን አየች፣ አፍንጫዋን ሸበሸበች። ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ የዓይን ጠብታ አነሳች።

«ይሄ የማነው?»

«የጋሼ ነው፣ ለዓይናቸው ግፊት» አለች አስታማሚዋ። «ወር የሚበቃው ሰሞኑን በሁለት ሳምንት አለቀ።»

«ዓይናቸው መቼ ቀላ?»

«ያለፈው ሰኞ። ትኩሳቱ ረቡዕ መጣ።»

«ያንቺ ሳልስ?»

«ዓርብ ጀመረኝ፣ እህቴ።»

የልጅቱ ባል፣ የሟቹ አማች፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጓል። «አውልቀው እስቲ» አለችው አነፍናፊት። አወለቀ። ዓይኑ አብጧል፣ ግን አይናር የለበትም።

«አልቅሼ ነው» አለ አፍሮ። «እባክሽ ለሰው አታውሪ።»

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አስታማሚዋ የታመመችው ከሳቸው በኋላ ነው። እሷን ያዛት እንጂ እሷ አላስያዘችም» አለች። «በሽታው የጀመረው ከዓይን ነው። ዓይን ውስጥ የገባ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫና ጉሮሮ ይወርዳል፣ ደካማ ሰው ላይ ሳንባ ይገባል። ማነው የሽማግሌውን ጠብታ ሲጠቀም የከረመው?»

ጠብታውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«ጫፉ ዓይን እየነካ ተመልሷል። እንዴት ያለ ቆሻሻ ነው!»

«ምን ቆሻሻ?» አለች ልጅቱ ተቆጥታ። «በተጠቀምኩ ቁጥር በአልኮል ጠርጌዋለሁ!»

አማቹ አፉን በእጁ ያዘ።

አነፍናፊት ክዳኑን ገልብጣ አሳየቻቸው። ጠርዙ ላይ ቢጫ ነገር ደርቋል፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ኩል አለበት።

«ይሄ ተዋሲ በአልኮል እንዲህ በዋዛ አይሞትም። አንቺን ዓይንሽን ሲያምሽ፣ ኩል ደፍተሽበት በር ላይ ቆምሽ። ሌላውን ስትፈትሺ በሽታውን በጠርሙሱ አስገባሽው።»

«የዓይን መድኃኒት ነው ብዬ ነው እኮ… ሰው እንዳያይብኝ…» ልጅቱ በለቅሶ ፈነዳች። ኩሉ፣ እንባው፣ ንፍጡ ተደባልቆ አገጯ ላይ ወረደ። ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ አስታማሚዋ ሄደች። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ! ልሳምሽ!»

አስታማሚዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ በሩ አፈገፈገች።

«ይቅር ብያለሁ፣ እትዬ» አለች። «እዚያው ሆነው።»