የሂተሩ ሽቦ

ቅዳሜ ጥዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ልጅቷ አሮጌ ሹራቧን ለብሳ ወደ ጓሮ ስትወጣ አባቷን መኪናዋ ሥር ተንጋሎ አገኘችው። ከጎኑ፣ ሁልጊዜ እሷ በምትንበረከክበት ቦታ፣ የአጎቷ ልጅ ተንበርክኮ የእጅ ባትሪ ያበራለታል።

«አባባ፣ ሳትቀሰቅሰኝ?»

«እንቅልፍሽን ጥገቢ ብዬ ነው የኔ እናት» አለ አባቷ ከሥር። «መሐንዲሱማ ገና ሳይነጋ ነው የተነሣው።»

መሐንዲሱ። ልጁ ለትምህርት መጥቶ እነሱ ቤት ካረፈ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ከወዲሁ ስም ወጥቶለታል። እሷ ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ኖራ፣ እንዲህ ያለ ስም ያወጣላት የለም።

የዚያን ቀን ሥራ የራዲያተሩን አሮጌ ኩላንት፣ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ አፍስሶ አዲስ መሙላት ነበር። ሞተሩ ቀዝቅዞ ስላደረ ክዳኑን ያለ ፍርሃት ከፈቱት። አባቷ ከሥር ያለውን የመውረጃ ቡሎን በጣቱ አሳየና መፍቻውን ለልጁ ሰጠው።

«ወደ ግራ። ቀስ እያልክ፣ እንዳትጣደፍ።»

ዝገት የመሰለ ፈሳሽ ከሥር ወደተደቀነው ሳፋ ተንዠቀዠቀ። ባለፈው ጊዜ ያንን ቡሎን የፈታችው እሷ ነበረች። እጅጌዋ በስብሶ አባቷ እንዴት እንደሳቀ ሁሉ ትዝ አላት።

«እኔስ ምን ልሥራ?»

«አንቺ ሳፋውን ክደኚልን። ውሻው ከቀመሰው ይሞታል፤ ጣፋጭ ስለሆነ ደስ ብሎት ነው የሚልሰው።»

ሳፋ ከዳኝ ሆነች። ቀጥሎ ደግሞ ውኃ አመላላሽ። የራዲያተሩን ውስጥ በንጹሕ ውኃ አጥበው እስኪያፈሱ ድረስ ከቧንቧው እስከ መኪናዋ ስትመላለስ እናቷ በመስኮት ብቅ አለች።

«መኪናዋን ሦስት ሰው ያጠጣታል፤ ለኔ አንድ ብርጭቆ የሚያቀብለኝ ጠፋ።»

«አንቺ ራዲያተር የለሽም» አለ አባቷ።

«ብቻ ነገ እህቴ ጋ በሰላም ታድርሰን። ያ ዳገት ቀላል አይደለም።»

«አታስቢ፣ መሐንዲሱ እየሠራት ነው።»

ልጅቷ ባዶውን ባልዲ ቧንቧው ሥር ጣለችው።

አባቷ ቡሎኑን አጥብቆ አረንጓዴውን አዲስ ኩላንት ማንቆርቆር ጀመረ። «አሁን ሂተሩ ይከፈት» አለ። ሂተሩን፣ የመኪናዋን ማሞቂያ፣ መክፈት የእሷ ሥራ ነው። ወደ ሾፌሩ በር ተራመደች። ልጁ ቀደማት፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማዞሪያውን እስከ ቀዩ ምልክት አዞረው።

«ከፍቻለሁ ጋሼ።»

«ጎሽ።»

አልተከፈተም። ሽቦው ተበጥሶ ከማዞሪያው ከተላቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ዓመት ሙሉ ቢያዞሩት የሚከፍተው ነገር የለም። ያኔ ከዳሽቦርዱ ሥር እጇን ሰድዳ የተበጠሰውን ሽቦ ጫፍ ያገኘችውና በፒንሳ የሳበችው እሷ ናት። አባቷ ወገቡን ስለሚያመው እዚያ ሥር መታጠፍ አይችልም። «ያንቺ እጅ እያለ ሽቦ መቀየር ለምኔ» ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ እሱ «ሂተር» ይላል፣ እሷ ትስባለች፣ «ከፈትኩ» ትላለች። ለአባቷ ያቺ ቃል ብቻ ትበቃው ስለነበር፣ ዛሬም ቃሉን ሲሰማ ስለ ሽቦው ትዝ አላለውም።

ሂተሩ እንደተዘጋ ከተሞላ ግን ውስጡ አየር ይቀራል። ይህን ያስተማራት ራሱ አባቷ ነው። ከላይ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ ዳገት ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ይግላል።

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ነገ መኪናዋ ዳገቱ መሐል ስትጨስ፣ አባቷ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «መሐንዲስ ተብዬው» ሲል ታያት። ጣፈጣት። እናቷ ከጎኑ በፀሐይ ቆማ ስትጠብቅ ስትታያት ግን ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ምነው፣ ሙድሽ ተበላሸ?» አለ ልጁ በመስኮቱ። «ሎሚ የመጠጥሽ ትመስያለሽ።»

«ሥራህን ሥራ።»

«ኧረ ባክሽ፣ ቀናሽ እንዴ?» ሳቀ። ለቀልድ ነው፤ ምንም አያውቅም።

ለአባቷ ብትነግረው ልጁ ትንሽ ያፍር ነበር፤ እሱስ ባልከፋ። ግን አባቷን ታውቀዋለች። «ታዲያ አሳዪው» ነው የሚላት። ካሳየችው ደግሞ ሽቦው የእሷ ብቻ መሆኑ አበቃ። ቦታዋንም፣ ቡሎኑንም፣ ጥዋቱንም ወስዶባታል። የቀራት ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ያ ጨለማ ቀዳዳ ነበር።

«ሞላ» አለ አባቷ። «ክዳኑን አቀብሉኝ።»

ክዳኑ እሷ አጠገብ ነበር። አነሣችው፤ አላቀበለችም።

«ቆይ አባባ» አለች።

ክዳኑን ኪሷ ከተተችና ከመሣሪያዎቹ መሐል ፒንሳውን መርጣ ወደ ሾፌሩ በር ሄደች። «ና ውረድ» አለችው ልጁን። «እዚህ ጋ ተንበርከክ።»

«ለምን?»

«ማዞሪያው አይሠራም። እጅህን ከዚህ ሥር አስገባ፤ ወደ ቀኝ።»

እጁ አይገባም ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ገባ።

«ቀጭን ነገር ነካህ?»

«አዎ... ሽቦ ነው?»

«በፒንሳ ያዘውና ሳበው። ቀስ ብለህ። ዳግመኛ ከተበጠሰ አንተም እኔም አናገኘውም።»

ሳበው። ራዲያተሩ ጉልጉል የሚል ድምፅ አሰማ፤ ሞልቶ የነበረው ፈሳሽ ስምጥ አለ። አባቷ ዝቅ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ ልጅቷን አያት።

«ሽቦው» አለ። «ጭራሽ ረሳሁት። አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

ልጁ ገና እንደተንበረከከ ነው። አንገቱ ላይ አቧራ ተለጥፎበታል፤ ፊቱ ቀልቷል።

«እሱ ነው» አለች ልጅቷ። የቀረውን ኩላንት አንሥታ ራሷ ማንቆርቆር ጀመረች።

በማግሥቱ መኪናዋ ዳገቱን ሳትግል ወጣች። አባቷ የሞተው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ዓመት ነው። መኪናዋን አሁን ልጅቷና የአጎቷ ልጅ በየተራ ይነዷታል።