ደረጃው ላይ ቆሞ የሚጣራው ባላባት

እኔ እንዲህ ዓይነት የመናፍስት ወሬ ሲነሳ ከሰው መሀል ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ፣ አላምንማ፣ እናቴም አታምንም ነበር፣ አሁንም ሰው ፊት ማውራት ስለማፍር ነው የምጽፍላችሁ።

ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ እንደመጣሁ ፓይን ሌክ ውስጥ ሚስ ዶሮቲ የሚባሉ አዛውንት መንከባከብ ጀመርኩ፣ እንግሊዝ አገር ተወልደው በትዳር የመጡ ናቸው። ሳሎናቸው ውስጥ በጥንት መቃብር ቅርጽ ላይ ወረቀት ተነጥፎ በጥቁር ሰም ታሽቶ የተነሳ ምስል ተሰቅሏል፣ የብረት ልብስ የለበሰ ባላባት፣ ጎኑ ሚስቱ፣ ከእግራቸው ሥር ልጆቻቸው ተሰልፈው። ባላባቱ የእናቴ ዘር ነው ይሉኛል ሚስ ዶሮቲ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ቀስ እያሉ ነበር የሚያጫውቱኝ፣ እሱ ከንጉሡ ጋር ሲዘምት ሚስቱ ግንቡን እንዴት እንደጠበቀች፣ ወንዶቹ ልጆች በርስት እንዴት እንደተጣሉ። የዚያን ዘመን መኳንንት ሥርዓት እንዲማሩ እያሉ ልጆቻቸውን ለሌላ ባላባት ቤት ይሰጡ ነበርና እሱም የመጨረሻ ሴት ልጁን ትንሽ ሳለች ሰጣት፣ ከዘመቻ ሲመለስ እዚያው በሰው ቤት መሞቷን ነገሩት፣ ከዚያ በኋላ ጀምበር ስትጠልቅ ደረጃ ላይ ቆሞ ስሟን ይጣራ ነበር አሉ።

እመኑኝ፣ ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አለኝ፣ እኔም ለአክስቴ ተሰጥቼ ነው ያደግኩት፣ ትምህርቴም የቆመው ያኔ ነው፣ አባቴንም ከዚያ ወዲያ በሕይወት አላየሁትም። ለአክስቴ ሳልሰጥ በፊት እሱ ሲመሽ ከደጅ ሆኖ ስሜን እየጎተተ ይጣራል፣ እኔ ከጎረቤት ልጆች ጋር ጭቃ እያቦካሁ አቤት እላለሁ፣ ሲጠሩ ዝም ማለት ነውር ነዋ።

ችግሩ፣ ሚስ ዶሮቲ የባላባቱን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አሁንም እሰማለሁ ይሉ ነበር። ፍሎሪዳ የምትኖረው ልጃቸው ሱዛን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሰማሁ ካለች ንገሪኝ፣ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገባታለሁ ብላኛለች፣ እሳቸው ደግሞ እጄን ይዘው ከዚህ ቤት ካወጡኝ አልቆይም ይሉኛል።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን አንድ አመሻሽ ላይ፣ ሚስ ዶሮቲ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ እኔ ፎጣ እያጠፍኩ፣ ከላይ ቋ የሚል ነገር ሰማሁ፣ እንጨቱ ነው አልኩ፣ ብርድ ሲጀምር የዚህ አገር ቤት ይንቋቋል። ቀጥሎ ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ፣ ቀጥሎ የከበደ እግር ደረጃው ላይ። ቀና አልኩ፣ ማንም የለም። ያኔ ተጣራ። ስሙን አልያዝኩትም፣ የየት አገር ቋንቋ እንደሆነም አላውቅ፣ ብቻ መጨረሻውን እየጎተተ፣ አባት ልጁን እንደሚጠራ፣ እኔም ሳላስበው፣

«አቤት» አልኩ።

እግሩ ቆመ። ሸክም ያወረደ ሰው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከዚያ ጸጥ አለ፣ ፎጣውን ደረቴ ላይ አጣብቄ ቆሜ ቀረሁ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፣ ሱዛን ናት።

«እህ፣ ዛሬስ ድምፅ ሰማች?»

«አልሰሙም» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እሳቸው ምንም አልሰሙም።»

አልዋሸሁም እኮ፣ ተኝተዋል።

በማግስቱ ሹራባቸውን እየቆለፍኩላቸው ትናንት አልተጣራም አሉኝ፣ በሌላውም ቀን እንደዚያው። ሱዛን ስለ ነርሲንግ ሆም ማንሳት ተወች፣ እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም፣ አመሻሽ ላይ ደረጃውን እያዩ ይተክዛሉ፣ ልጅነታቸውን ይዞባቸው የሄደ ይመስል። ለአክስቴ በቫይበር ብነግራት፣ ጸልዪ ብቻ ብላ ዘጋችው።

አንድ ምሽት ኮቴን ስለብስ ትክ ብለው አዩኝ።

«የኔ ልጅ፣ ወደ ቤት ስትነጂ ብቻሽን ነሽ?»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ብቻዬን ነኝ እላቸዋለሁ። እስከ ሊልበርን፣ እስከ ቤቴ፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ሞተር ከማስነሳቴ በፊት የኋላውን ወንበር ዞሬ አያለሁ፣ ባዶ ነው፣ ሁልጊዜ ባዶ ነው፣ ሬዲዮ ግን አልከፍትም፣ ምናልባት ከተጣራ እንድሰማው።