ሦስቱ «ሀ» በአንድ መሳቢያ

እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በጣና ዙሪያ ባሉ አሥራ አራት ጤና ጣቢያዎች የአንድ ታካሚ ካርድ ለማግኘት በአማካይ ዘጠኝ ሴኮንድ ይበቃ ነበር። ካርዱ ላይ «ኃይሉ» የተባለ ሰው ሌላ ቀን «ሀይሉ» ወይም «ሐይሉ» ተብሎ ቢመዘገብም ችግር አልነበረም፤ ፕሮግራሙ ሦስቱን «ሀ» እንደ አንድ ድምፅ ቆጥሮ ይፈልጋል። የጻፈው የባሕር ዳሩ ልጅ ሂሻም ነው። ኮዱ ለማንም ክፍት ነበር፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያሻሽለዋል፣ በነጻ ይጠቀምበታል።

ሚያዝያ 7 ቀን ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት የውጭ አገር ሰርቨር ተነሣ። አንድ ኩባንያ በ2010 ዓ.ም. «ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ የመፈለጊያ ዘዴ» ብሎ በውጭ አገር ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አውጥቶ ነበር። ለሰርቨሩ ባለቤቶች አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ በቃ።

ሚያዝያ 21 ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ይህን ፓተንት ሊያፈርሱ ይችሉ የነበሩት ሰው፣ ጡረተኛው የካርድ ክፍል ሠራተኛ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣ ከቤታቸው በታች ባለው የጀልባ ማቆሚያ ሞተው ተገኙ።

ኢንስፔክተር እናትዓለም ስትደርስ አስከሬኑ ግማሹ ውኃ ውስጥ፣ ግማሹ ድንጋይ ላይ ነበር። የራስ ቅላቸው ከኋላ ተፈንክቷል። የማንበቢያ መነጽራቸው በገመዱ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የደረት ኪሳቸው ውስጥ ክዳን የሌለው ቀይ ብዕር አለ፤ ቀለሙ ሸሚዛቸው ላይ ፈስሷል።

«ራሳቸውን ነው ያጠፉት» አለ ሳጅን ግሩም። «ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ትተዋል።»

ወረቀቱ በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ጥኡመ ልሳን ደብተሩን የፃፍኩት አምና ነው። በ1986 አመተ ምህረት የተሰራ ነው ያልኩት ሀሰት ነው። ስለ ሀጢአቴ እግዚአብሄር ይቅር ይበለኝ።» ከሥሩ፣ በፊርማ ፈንታ፣ ሰውየው ከሥራ ዘመናቸው ያስቀሩት የስም ማኅተም፣ ቲተራቸው፣ አርፎበታል፦ «መሪጌታ ጥዑመ ልሳን»።

እናትዓለም ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዛ ፊትና ጀርባውን አየች።

«አንድ ጠብታ ቀይ ቀለም የለበትም» አለች። «ታዲያ በብዕሩ ምን ሲጽፉበት ነበር? ደብተሩስ የታለ?»

ደብተሩ የትም አልተገኘም።

አስከሬኑን ያገኙት ጎረቤታቸው መሪማ ናቸው፤ ዓሣ ይሸጣሉ፣ የሂሻም እናት ናቸው።

«እትየ መሪማ፣ ቀደም ብለው የሰሙት ነገር አለ?»

«ዓሣ ስከትፍ የኔታ ድምጣቸውን ከፍ አድርገው ሲያስተምሩ ሰማሁ። ‹ዐይኑ ዐ! ንጉሡ ሠ! ሐመሩ ሐ!› ይሉ ነበር። ሂሻምን በልጅነቱ እንዲያ ነበር ፊደል ያስቆጠሩት። እንደ ድሮው ሲቆጡ ሰምቼ ሳቅሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«አሁን ተማሪ ነበራቸው?»

መሪማ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «የላቸውም፣ ልጄ። ሰባት ዓመት ሆነ።»

ሂሻም ከደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«የኔታ ነገ ነበር ምስክርነታቸው የሚላክ» አለ። «ዘዴውን በ1986 ካርድ ክፍል እያሉ አወጡት፣ ደብተራቸው ላይ አለ። ፓተንቱ ከመውጣቱ በፊት የታወቀ ነገር መሆኑ ከተረጋገጠ ይፈርሳል።»

«የእኛ ሕግ ምን ይላል?»

«የእኛ ሕግማ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጥም። ሰርቨሩ ግን እኛ ዘንድ አይደለም። ለባለቤቶቹ አራት ጊዜ ጻፍሁላቸው፤ አራቱንም ጊዜ አንድ መልስ ላኩልኝ፣ ነጥቡ እንኳ አልተቀየረም።»

«ከኩባንያው ኮድ የወሰድኸው አለ?»

«አንድ መስመር አላየሁም፤ ዝግ ነው። ፓተንት ስርቆት አይጠይቅም፣ ኢንስፔክተር። ሰው ራሱ አስቦ ቢደርስበትም ያው አጥፊ ነው። ማንም ፊደል የቆጠረ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ‹የእኔ ነው› ብሎ ያስመዘገበ ሰው፣ እኔን ‹ተው› ይለኛል።»

«ደብተሩ ሐሰተኛ ቢሆን የምትጎዳው አንተ ነህ። ሳጅን ግሩም ‹ለመግደል ምክንያት አለው› ብሎ አስቧል።»

«ያስብ። እኔ ያለኝ ጠበቃ የኔታ ነበሩ።»

የጤና ጣቢያዎቹን መረጃ የምታስተባብረው እሌኒ ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች ናት። የኩባንያውን ፕሮግራም እንዲገዙ ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ በዚህም ከሟቹ ጋር ተጣልታለች።

«ተከራከርን፤ ጮህኩባቸውም» አለች። «ባለፈው ሳምንት አንዲትን እናት መርፌ ሊወጓት ሲሉ፣ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የሚናገረው ካርዷ ጠፋ። ባሏ ባይደርስ ኖሮ… ምን ላድርግ? የማንም ይሁን፣ የሚሠራ ፕሮግራም ፈለግኩ።»

«ተጭኖላችኋል?»

«የለም። ውል ሳንፈርም ለማሳየት እንኳ አይሰጡም። በወኪላቸው በአቶ ደሞዝ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያለው።»

ደሞዝ ባረፈበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተነሥቶ ተቀበላት። ጠዋቱን ሙሉ ከክፍሉ እንዳልወጣ ነገራት።

«ጊዜዎን እንዳልሻማ ቃሌን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ» ብሎ በፕላስቲክ አቃፊ ከያዛቸው ወረቀቶች አንዱን አወጣ። «ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ ነው የማዘጋጀው። አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለእኔ።»

እናትዓለም ርዕሱን አየች፦ «ለኢንስፔክተር እናትአለም»። አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«እዚህም በእጅዎ ሁለት መስመር ይጻፉልኝ» አለችው። «የሥራ ድርሻዎንና አድራሻዎን።»

ጻፈ።

በማግስቱ ሁሉንም የድሮው ካርድ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ክፍሉ አቧራ ያዘለ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ የእንጨት መሳቢያ ነው።

«ስለ ፊደል ነው የምናገረው፤ ታገሡኝ» አለች። «ወረቀቱ ላይ ስማቸው ‹ጥኡመ› ተብሎ በአልፋው ‹አ› ተጽፏል። ከሥሩ ያለው ቲተር ‹ጥዑመ› ይላል፣ በዐይኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደል ሲያርሙ የኖሩ ሰው የገዛ ስማቸውን አይስቱም።»

«ዛሬ እንዲህ የማይጽፍ ማን አለ?» አለ ደሞዝ። «ሰው ሁሉ ይሳሳታል።»

«ልክ ነዎት፤ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ቆጠርሁ። በገጹ ላይ ሊሳቱ የሚችሉ ሠላሳ አንድ ፊደላት አሉ። ሠላሳ አንዱም በአንድ ዓይነት ተለውጠዋል። ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ሰው አንዱን ይስታል፣ አንዱን ያገኛል። በእጅዎ የጻፉልኝን አየሁ፤ ‹ሠራተኛ› በንጉሡ፣ ‹ስራ› በእሳቱ። ያ የሰው ስሕተት ነው። ወረቀቱ ያለፈው በማሽን ነው።»

«የሂሻም ፕሮግራምም እኮ ፊደል አንድ ያደርጋል» አለ ሳጅን ግሩም።

«ይህንም አሰብሁ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ሂሻም አጠገቤ ሳይኖር አንድ የኮሌጅ መምህር አስነበብሁ፤ ከዚያም ሞከርሁት። ሲፈልግ ብቻ ነው አንድ የሚያደርግ፣ ጽሑፉን አይነካም። ‹ጥዑመ› ብዬ ጻፍሁ፣ ‹ጥዑመ› ሆኖ ቆየኝ። የኩባንያውን ግን ማንበብ አይቻልም፤ ዝግ ነው። የሚሠራውን ያወቅሁት አቶ ደሞዝ ከሰጡኝ ቃል ነው። የእኔን ስም ‹እናትአለም› አድርጎታል፤ ገጹን ሙሉ እንደ ወረቀቱ አንድ ወጥ አድርጎታል። እሱ ሲያስቀምጥ ጽሑፉን ራሱን ይለውጣል። ያም ያለው በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ደግሞ በ‹ኩ› ‹ፃፍኩ› ይላል። የኔታም ሂሻምም ‹ጻፍሁ› ነው የሚሉ።»

ደሞዝ አቃፊውን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«እትየ መሪማ የሰሙት ትምህርት አልነበረም። የኔታ እንዲፈርሙ የተሰጣቸውን ወረቀት ጮክ ብለው እያረሙ ነበር። ገጹ ራስ ላይ ካለው ስማቸው ጀመሩ፤ ‹ዐይኑ ዐ›። የታረመው ቅጂ ጠረጴዛው ላይ የለም። አቶ ደሞዝ ግን ሁልጊዜ ሁለት ቅጂ ያዘጋጃሉ። አቃፊዎን ይስጡኝ።»

አልሰጣትም። ሳጅን ግሩም ተቀበለው። ከመጨረሻው ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ፤ በቀይ የታረመ ነው። እርማቱ ከገጹ መጨረሻ አጠገብ፣ «ምህረት» የሚለው ቃል ላይ፣ ሐመሩን «ሕ» ሳይጨርስ ይቆማል።

«ሆቴል ውስጥ ልጥለው ፈራሁ» አለ ደሞዝ፣ ድምፁ ወርዶ። «እንዲፈርሙ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ያርሙልኛል! አልፈርምም እንኳ አላሉም፤ እንደ ተማሪ እያረሙ ይቆጡኝ ነበር። ደብተሩን ነጥቄ ወርጄ ወደ ውኃው ወረወርኩት። ተከትለውኝ ወርደው ክንዴን ያዙ። ገፋኋቸው።»

«ከዚያም ተመልሰው ንጹሑን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ቲተራቸውንም መቱበት።»

አንገቱን ደፋ።

ሲወስዱት ሂሻም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። «ደብተሩ ጠፋ ማለት ነው» አለ።

«ከጀርባህ ያለውን መሳቢያ እየው» አለችው እናትዓለም።

መሳቢያው ላይ በቀይ ቀለም «ሀ ሐ ኀ» ተጽፏል፤ ሦስቱም በአንድ ላይ። ውስጡ ያሉት ካርዶች ሁሉ የ1986 ዓ.ም. ማኅተም አላቸው፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተከታትለው።

ሂሻም ጣቱን ጽሕፈቱ ላይ አሳለፈ። «ይህን ካየ ፓተንቱን የሰጠው ክፍል ዛሬውኑ ይሰርዘዋል?»

«ገዳይ መያዝ ሥራዬ ነው። ፓተንቱን የምይዝበት ሥልጣን የለኝም፤ ቢኖረኝ በወደድሁ።»

የመሳቢያውና የካርዶቹ ፎቶ ሚያዝያ 24 ቀን ለፓተንቱ ክፍልና ለሰርቨሩ ባለቤቶች ተላከ። መልሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ፦ ማስረጃው ደርሷል፤ ምርመራው እስከ አሥራ አራት ወር ሊወስድ ይችላል፤ እስከዚያው ፕሮግራሙ እንደተነሣ ይቆያል።

ሰኔ 2 ቀን፣ ከአሥራ አራቱ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ፣ የአንድ ኃይሉ የሚባል ታካሚን ካርድ ለማግኘት ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀ።