የሁለት ከተሞች እሳት

ምክትሉ፣ «ዘበኛው የቀላ ፍም በምድጃ ይዞ ወደ አለቃችን ክፍል ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ። ዘበኛው ደግሞ፣ «ምድጃዬን ከነጥሬ ከሰሉ ጥበቃ ቤቱ ደጃፍ ትቼ ነው ምሳ የሄድኩት፤ እግሬ ክፍላቸውን አልረገጠም» ብሎ ማለ።

ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የከተሞችን የካርቦን ልቀት የሚያጠናው ምሁር አለቃቸው እንደ ልማዱ ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ በከሰል ታፍኖ ሞቷል። ካቴናው የገባው ዘበኛው እጅ ላይ ነው።

መርማሪዋ መቀመጥ አልሆነላትም። ክፍሉን ትዞራለች፤ ወንበር ላይ ትወጣለች፤ ትወርዳለች። ከምድጃው በላይ ኮርኒሱ በአዲስ ጥላሸት ጠቁሯል። ምንጣፉ ላምባ ላምባ ይላል።

«ጋሼ፣ ከሰል የት ነው የሚያያዘው?» አለችው ዘበኛውን።

«ደጅ ነዋ፣ ልጄ! ጭሱ አልቆ፣ ፍሙ አመድ ሲለብስ ነው ቤት የሚገባው። ይሄም ይጠየቃል?»

የሟቹ ሚስት በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። «እኛ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቤት ውስጥ የለኮሰ ልጅ በእናቱ ጥፊ ነው የሚማረው።»

«እርስዎስ?» አለች ወደ ምክትሉ ዞራ።

«እኔ የግድቡ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ማብሪያ እየተጫንኩ ነው ያደግኩት» አለ ምክትሉ እየሳቀ። «ግን ምኑ ይከብዳል? ላምባ ማርከፍከፍ፣ ክብሪት መጫር!»

መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ያጠና የነበረው የከተሞች ጭስ ለምን እንደሚለያይ ነው። አንዱ ለብርዱ ከሰል ያነዳል፤ ሌላው ከግድብ መብራት ያገኛል። ገዳዩም የተለየው በዚሁ ነው። የቀላ ፍም አይጨስም፤ ኮርኒስ አያጠቁርም። ይህ ከሰል ጥሬውን ገብቶ፣ እዚሁ በላምባ ተለኩሷል። ከሰል ሲያነድ የኖረ ሰው እንዲህ ላድርግ ቢል እጁ እምቢ ይለዋል። ታዲያ ምክትል፣ ያዩት የቀላ ፍም ከየት መጣ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል።»

«እኔ ለምን ብዬ? ምን ጠላትነት አለን?»

«እሱ ነው የጎደለኝ» አለች መርማሪዋ። «ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ዳኛው የሚፈርደው በባለ ምድጃው ላይ ነው።»

ሚስትየዋ ቀና አለች።

«ባለቤቴ ነግሮኛል። ንጽሕት የተባለችው የግድቡ ከተማ ሲሚንቶ ፋብሪካዋን ወሰን አሻግራ፣ ጭሱን በጎረቤቷ ስም ታስቆጥራለች። ያንን ስሌት የሠራው ይሄ ምክትሉ ነው። ለከንቲባነት የታጨውም በዚሁ ስሌት ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ ይህን የሚያጋልጥ ጥናት ጉባኤ ላይ ሊያነብ ነበር።»

ምክትሉ ወደ እሷ ዞረ። «ይሄ ከወጣ ፋብሪካው ይዘጋል። ወንድምሽ የሚሠራው የት እንደሆነ ረሳሽው?»

ሴትየዋ ካቴናው የላጠውን የሽማግሌውን ዘበኛ የእጅ አንጓ አየች።

«አልረሳሁም» አለች። «ወንድሜ ይቀየመኝ። ጥናቱን ጉባኤው ላይ እኔው አነበዋለሁ።»