ስድስተኛው መስመር

«ቤዚ፣ ቶሎ ኮምፒውተርሽን ክፈቺ» አለ ዮናስ በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ቅዳሜ ጠዋት? ምን ሆነህ ነው?»

«የባዮሎጂው አካውንት ላይ ስም የሌለው ፋይል ገብቷል። የእጽዋቱ ዝርዝር መስሎኝ... እ... ማለቴ፣ ከፈትኩት። ያንቺ ንስሐ ነው።»

ቤዛዊት ዘላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ነገ የንስሐ አባቷ ዘንድ ልትሄድ ነበር። አባ ፊት ስትቀርብ ምላሷ ስለሚተሳሰር ኃጢአቷን አንድ በአንድ ጽፋ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀመጠችው። እሷ ደብቄያለሁ ብላ ነበር። ለካ ባለፈው ሳምንት ከዮናስና ከሲና ጋር ለቡድን ሥራ የሚጋሩትን አካውንት ስትከፍት፣ ኮምፒውተሩ ፋይሎቿን በራሱ እንዲልክ ፈቃድ ጠይቋት ኖሯል። እሷም ሳታነብ «እሺ» የሚለውን ነካች። ከዚያ ወዲህ ያስቀመጠችው ሁሉ ወደ ጋራው አካውንት ሲሄድ ሰንብቷል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሷ ግን ካፏ እንኳ ሳይወጣ አፋፍ ደርሶ ቁጭ አለ።

«ሁሉንም አነበብከው?»

«እስከ ስድስተኛው መስመር።»

ጾም መግደፏ፣ እናቷን መዋሸቷ ይሁን ግድ የለም። ስድስተኛው ነው የሚያቃጥለው። «የሲና እናት ከእንጦጦ ቅጠል ተሸክመው እንደሚሸጡ ለክፍሉ ልጆች የነገርኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሲና ይህን የነገረችው ለሁለት የልብ ጓደኞቿ፣ ለቤዛዊትና ለርሆቦት ብቻ ነበር። ልጆቹ «ቅጠሊት» እያሉ ሲያሾፉባት፣ ያወጣችው ርሆቦት ናት ብላ አኮረፈቻት። ቤዛዊትም አብራ አኮረፈች። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ርሆቦት ለብቻዋ ትቀመጣለች።

«ሲና ገና አላየችውም» አለ ዮናስ። «ከሰዓት ፎቶ ልትጨምር ትገባለች። አሁኑኑ አጥፊው፣ በቃ። እኔ ትንፍሽ አልልም።»

አጠፋችው። በራሱ የሚልከውንም ዘጋችው። ከሁሉም ቦታ ጠፋ፤ እፎይ ማለት ነበረባት። ግን የዮናስ ቃል ፊቷን አቀላው። እሱ ማንም ያልነገረውን ምስጢር ሊጠብቅላት ነው፤ እሷ አምነው የነገሯትን አንድ ሳምንት እንኳ አላሳደረችውም። አፈረች፤ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ሆና አንገቷን ደፋች።

ከዚያ ጫማዋን አጠለቀችና ከሽሮ ሜዳ በላይ ወደ ሲና ቤት የሚያወጣውን ዳገት ተያያዘችው።

ሲናን በር ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት። «እንዴ ቤዚ! አሁን ፎቶዎቹን ልጭን ነበር እኮ።»

«ማናት? ቤዛዊት ናት?» አሉ እናትየዋ እትዬ አስቻለች ከውስጥ። «ግቢ በያት እንጂ!»

ቤዛዊት አልገባችም። እግሯ ደጁ ላይ ቀረ።

«አንድ ፋይል ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ» አለች ሲናን ቀና ብላ እያየች። «ምን እንደሚል በቃሌ ልንገርሽ።»